ኀዘንና ዕዳ በአንድ ቤት ሲገናኙ

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ከሚደርሱበት መከራዎች ሁሉ የሚወዱትን በሞት ማጣት የጸና ነው። ለዚህ መከራ ግን አባቶቻችን ሥርዐት ሠርተውለታል፤ ልቅሶው በአደባባይ ይለቀሳል፤ ጎረቤት ድንኳን ይተክላል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይውል፣ ብቻውንም እንዳያድር ወዳጅ ዘመድ ይከበዋል። ነገር ግን ከዚሁ ከኀዘን ጋር ተያይዞ የሚመጣ፣ ሥርዐት ያልተሠራለት፣ ድንኳንም የማይተከልለት ሌላ መከራ አለ። ይኸውም ሟቹን ለማዳን ሲባል ለሕክምና የተበደሩት ገንዘብ ነው። ሕመምተኛው አልፏል፤ ዕዳው ግን ከቤት አልወጣም። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር ከአንባብያን ጋር ለመመካከር አስበናል።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ቦታ ይዘን እንነጋገር። ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በተቋቋመው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በካፋ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ ደን የለበሰ፣ ዝናብ የማይለየው የቡና አገር ነው። ገበሬው ከጓሮው እንሰት አለው፤ ከዛፉ ላይ ቀፎ ይሰቅላል፤ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚገባው ግን ይበልጡን ቡናው ሲቀላና ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በክረምት ኪሱ ባዶ ነው። ሕመም ግን የቡናን ወራት ጠብቆ አይመጣም።

እንግዲህ እንዲህ ባለው አገር አንድ ቤት በሐሳባችን እናቁም። አባወራው በሐምሌ ወር ታመመ። አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያም ወደ ቦንጋ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ተላከ፤ ሕመሙ ሲጠና ከቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ጅማ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በየደረጃው የሚከፈለው የሐኪም ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው ኪራይ አለ፤ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ አለ፤ በሕክምናው ቤት ታጥቶ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት አለ። መጀመሪያ ላሟ ተሸጠች። ቀጥሎ ገና በዛፉ ላይ ያለው ቡና ለነጋዴ በርካሽ ተዋዋለ። ከዚያ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ በመጨረሻም ወለድ ከሚያስከፍል ሰው ተበደሩ። ሰውየው ግን አልዳነም። ያን ጊዜ አንድ ተጨማሪ ወጪ መጣ፤ አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚመልስ መኪና።

አርባው ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ሲነሣ፣ እንግዳውም ሲበተን፣ አበዳሪዎች አንድ በአንድ ወደ ቤቱ መምጣት ይጀምራሉ። ሁሉም ክፉዎች አይደሉም፤ ከነርሱ መካከል ለልጁ ትምህርት ያስቀመጠውን ያበደረ ድኻ ይኖራል። በሌላ በኩል ዘመዶች ስለ ሰማንያውና ስለ ዓመቱ ተዝካር ይናገራሉ። መበለቲቱም ሌሊት ልጆቿ ሲተኙ ሦስት ጥያቄዎች ይነሡባታል። ያን ሁሉ ገንዘብ በከንቱ አጠፋሁን? ጥቂት ብጨምር ኖሮ ይድን ነበርን? አሁንስ ማንን ላስቀድም፣ ሙቱን ወይስ ሕያዋኑን?

እነዚህን ጥያቄዎች ከመመርመራችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። ኀዘን ነውር አይደለም፤ እምነት ማጣትም አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ለሞተው ሰው እንባችንን እንድናፈስ፣ በሚገባ እንድንቀብረው፣ ከዚያም ኀዘኑ እንዳያጠፋን እንድንጽናና ይመክራል። ይህ ምዕራፍ ሲጀምር ስለ ማን እንደሚናገር ማስተዋል ይገባናል፤ ስለ ሐኪም ነው። ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከምድር የወጣ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ ካስተማረ በኋላ ወደ ልቅሶው ይሻገራል። ጠቢቡ ሐኪሙንና መቃብሩን በአንድ ምዕራፍ ማኖሩ ለኛ ትምህርት አለው፤ መታከም ተገቢ ነው፤ ታክሞም መሞት አለ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከንቱ አያደርገውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሰውየው ካልዳነ ገንዘቡ በከንቱ ጠፋ ማለት ነውን? ይህን የሚል ሰው ሕክምናን እንደ ገበያ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ዋጋ ከፍሎ ዕቃውን እንዳልተረከበ ሰው ይቆጫል። ሕይወት ግን በገንዘብ የምትገዛ አይደለችም። ለሕመምተኛ የምናወጣው ገንዘብ ለተራበ እንደምንቆርሰው እንጀራ ያለ አገልግሎት ነው፤ እንጀራውን የበላ ሰው ነገ ቢሞት ማብላታችን ከንቱ ነበር አንልም። በወንጌል የምትነገረው፣ ደም ሲፈስሳት ዐሥራ ሁለት ዓመት የቆየችው ሴት ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ነበር፤ ሕመሟም አልቀለለም። ጌታችን ግን ገንዘብሽን ለምን ጨረስሽ ብሎ አልነቀፋትም። ንጉሥ ዳዊትም ሕፃኑ በታመመ ጊዜ ጾመ፤ በምድር ላይም ተኝቶ ለመነ። ሕፃኑ በሰባተኛው ቀን ሲሞት ተነሣ፣ ታጠበ፣ እንጀራም በላ። ጾሙ ከንቱ ነበረ አላለም፤ ልጁ ሕያው ሳለ ሊያደርግለት የሚገባውን አድርጎ ነበርና። ያች መበለትም የሸጠቻት ላም የባሏን ዕድሜ ባታረዝም፣ እርሱ ሰው የሌለው ሆኖ እንዳልሞተ ምስክር ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ያቈስላል። ፈጥኜ ብወስደው ኖሮ፣ የቡናውን መሬት በኮንትራት ሰጥቼ ወደ ሌላ ሐኪም ብደርስ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ነው። በዚህ ነገር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሰው የሚችለውን አድርጎ ያልቻለው ቢቀርበት በደለኛ አይደለም፤ እግዚአብሔር ከሌለን ላይ አይጠይቀንም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢጨመርለትም በመጨረሻ አንቀላፍቷል፤ ከመቃብር የተነሣው አልዓዛርም ሁለተኛ ሞቷል። ሐኪምም ቢሆን ሞትን ያዘገየዋል እንጂ ከዓለም አያስወግደውም። በእውነት የቸልተኝነት ጥፋት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ፣ ለምሳሌ ገንዘብ እያለው በንፍገት ሕመምተኛውን ያቆየ፣ እርሱን በሐሰት ቃል አናባብለውም፤ ለርሱ የንስሓ በር ክፍት ነውና ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ። በድካሟ ያዘነችውን ሴት ግን እንደ ወንጀለኛ ማድረግ ግፍ ነው።

ስለዚህ ልቅሶ የምንደርስ ሰዎች አንደበታችንን እንጠብቅ። በድንኳኑ ተቀምጠን “ወደ እገሌ ሐኪም ብትወስጂው ኖሮ ይድን ነበር” የምንለው ቃል ለኛ የጨዋታ መቆያ ነው፤ ለሰሚዋ ግን ዕድሜ ልክ የምትሸከመው ድንጋይ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ከርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያን ጊዜ እውነተኞች አጽናኞች ነበሩ። ያሳዘኑት ምክንያት መፈለግ ሲጀምሩ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ልማዳችንን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ሕመሙ የማይድን እንደ ሆነ ሐኪሙ ለቤተ ሰብ ይነግራል፤ ቤተ ሰብ ግን ከሕመምተኛው ይሰውራል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እናውቃለን። ነገር ግን እውነቱን የተከለከለ ሰው ንስሓ ለመግባት፣ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል፣ ለመናዘዝና ዕዳውን ለማስታወቅ ጊዜ ያጣል። ከዚህም ሌላ “እስካሁን ያደረጋችሁልኝ ይበቃኛል፤ የቀረውን ለልጆቼ አቆዩልኝ” ለማለት የሚወድድ አባት ካለ ይህን የመናገር ክብሩን እንወስድበታለን። በጥበብና በርኅራኄ፣ የንስሓ አባቱ ባሉበት ቢነገረው ይሻላል። እርሱ ራሱ ገንዘቡ ለልጆቹ እንዲቀር ከፈቀደ ቃሉን መጠበቅ እርሱን መተው አይደለም፤ ሕመሙን የሚያስታግሥለትን ሁሉ እያደረጉ በአጠገቡ መቀመጥ ይቻላልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ሙቱን ወይስ ሕያዋኑን ላስቀድም የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን በሣልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በዓመት ታስባለች። ይህ ሥርዐት የጸሎት፣ የመሥዋዕትና የምጽዋት ሥርዐት ነው። ጸሎቱ በሬ አይጠይቅም፤ ቅዳሴውም የጠጅ ብዛት አይጠይቅም። ለድኻ የተሰጠ አንድ እንጀራ ተዝካር ነው፤ ጠግቦ ለመጣ ሰው በብድር የታረደ ሰንጋ ግን ለሟች ነፍስ ምን እንደሚጠቅማት እንጠይቅ። የሟቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው፣ አበዳሪውም በደጅ ቆሞ የሚደረግ ግብዣ ሟቹን ያሳዝነው እንደ ሆነ እንጂ ደስ አያሰኘውም።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የአንዲት መበለት ታሪክ ይህን ጉዳይ ይፈታልናል። ከነቢያት ልጆች ወገን የነበረ ባሏ ዕዳ ትቶ ሞተ፤ ባለ ዕዳውም ሁለት ልጆቿን ባሮች ሊያደርጋቸው መጣ። ወደ ኤልሳዕም ጮኸች። አስቀድመን እናስተውል፤ ሟቹ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበረ፤ ዕዳ ትቶ መሞቱ ጽድቁን አላፈረሰበትም። ነቢዩም በቤቷ ያለውን ጠየቃት፤ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋዎች እንድትዋስ አዘዛት። ዘይቱ በእግዚአብሔር ኀይል ማድጋዎቹን ሁሉ በሞላ ጊዜ የነገራት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ዘይቱን ሽጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም እርሷና ልጆቿ እንዲኖሩ። ግብዣ በመካከል አልገባም። ስለዚህ የሟቹን ዕዳ መክፈል ራሱ ስሙን ከነቀፋ የሚያነጻ መታሰቢያ ነው ብንል አንሳሳትም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውርስ ሀብት ላይ አስቀድሞ የቀብሩ ወጪ፣ ቀጥሎ የውርሱ ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያም የሟቹ ዕዳዎች እንዲከፈሉ፣ ኑዛዜ የተደረገላቸው ሰዎች ስጦታም ከነዚህ በኋላ እንዲመጣ አድርጎ ደረጃውን ሠርቷል። የሟቹ አበዳሪዎችም የሚጠይቁት ከውርሱ ሀብት ነው፤ ልጆቹ በላባቸው ካገኙት አይደለም። ሚስት ወይም ልጅ በራሳቸው ስም ተበድረው እንደ ሆነ ግን ዕዳው የራሳቸው ነው። ስለዚህ ከአርባው በኋላ ቤተ ሰቡ ሁለት ሦስት የታመኑ ሽማግሌዎች ይዞ ይቀመጥ። ማን ምን ያህል አበደረ፣ በማን ስም፣ በወለድ ነው ወይስ ያለ ወለድ፣ ይህ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። ለእያንዳንዱም ከመጪው የቡና ለቀማ ጋር የተስማማ ቀን ይለመንለት። በጭንቀት ሌሊት እንደ ተራራ የሚታይ ዕዳ፣ በቀን ተጽፎ ሲታይ የሚቆጠር ይሆናል። በኀዘኑ መጀመሪያ ወራት መሬት በኮንትራት ለመስጠት ወይም ልጅን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት አይቸኰል፤ ከወለድ ሁሉ የሚከፋው ወለድ ልጅ በዕድሜው የሚከፍለው ነውና።

ለአበዳሪዎችም የምንለው አለን። ገንዘባቸውን መጠየቅ መብታቸው ነው፤ በመልካም ልብ ያበደረ ሰው ሊከበርና ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በሰው ሕመም ላይ አራጣ የሚያበድር፣ ወይም ሕመምተኛ በአልጋ ላይ ሳለ ቡናውን በግማሽ ዋጋ የሚዋዋል ሰው ከባልንጀራው ጕስቍልና ላይ ያጭዳል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከ100 ብር 12 ብር እንዳያልፍ ወስኗል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ይቀጣል። ከሕግ በላይ ግን ኅሊና አለ። በነህምያ ዘመን ድኾች ለእህልና ለግብር ተበድረው እርሻቸውንና ወይናቸውን አስይዘው፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት አሳልፈው ሰጥተው ነበር። ነህምያ ታላላቆቹን ሰብስቦ ገሠጻቸው፤ እነርሱም የወሰዱትን መለሱ። ከሺሺንዳ ነጋዴዎች አንዱ በመከር ጊዜ የቡናውን የገበያ ዋጋ አይቶ በውሉ ካተረፈው ላይ ጥቂቱን ለመበለቲቱ ቢመልስላት፣ ያ ቀን ለርሱ ከታላቅ ትርፍ ቀን ይበልጣል።

እስካሁን መበለቲቱን ስለሚያስጨንቋት ጥያቄዎች ተናገርን። አራተኛው ጥያቄ ግን የርሷ አይደለም፤ የኛ ነው። እርሷ ላሟን ስትሸጥ እኛ የት ነበርን?

ዕድራችን በሞት ቀን ይደርሳል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ገንዘቡ ይሰጣል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣል፣ የቀረም ሰው ይቀጣል። ነገር ግን ይኸው ሰው ሦስት ወር ታምሞ ሲተኛ የዕድሩ ደንብ ስለ ርሱ ዝም ይላል። ለመቃብሩ የተጋነውን ያህል ለአልጋው አልተጋንም። ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ የሚጠይቀን ግን ታምሜ ጠይቃችሁኛልን ብሎ እንደ ሆነ እናውቃለን። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ለድኾችና ለሕሙማን ማረፊያ የሠራው ይህን ስለ ተረዳ ነው።

ነገሩ አይቻልም የሚል ቢኖር በምሳሌ እናስረዳው። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ የሚኖሩ ገበሬዎች ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም የሚያደርሱ የመንደር ማኅበሮች ነበሯቸው። ኪሲዚ በሚባለው ቦታ ያለው የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል በ1988 ዓ.ም. ገደማ እነዚህኑ ማኅበሮች መሠረት አድርጎ አባላቱ አስቀድመው ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ ሲታመሙ የሚታከሙበትን ሥርዐት አቋቋመ። የተሸከመው ትከሻ ዋጋውንም በጋራ ተሸከመ ማለት ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በጸናበት ዘመን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ የሞቱባቸውን ሕፃናት መርዳት ጀምረው ነበር። እኛም ሕመምተኛን በቃሬዛ የመሸከም ልማድ ያለን ሕዝብ ነን።

መንግሥትም በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን በሙከራ ጀምሮ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች አስፍቶታል። አሠራሩ ከዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ አስፈላጊ ሲሆን በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። መክፈል ለማይችሉ ድኾች መንግሥት እንዲከፍልላቸው ተደንግጓል። በየዓመቱ ያልታደሰ ደብተር ግን በሕመም ቀን አይረዳም። የመኪናውን ኪራይ፣ የአስታማሚውን ስንቅ፣ ከውጭ የሚገዛውንም መድኃኒት ሁሉ አይሸፍንም። ይህን ጉድለት ዕድር፣ ሰንበቴና ማኅበር ሊሞሉት ይችላሉ። ቡና በሚሸጥበት በኅዳርና በታኅሣሥ ከየአባሉ ጥቂት ተጨማሪ መዋጮ ቢሰበሰብ፣ የሁሉም ደብተር በአንድ ጊዜ እንዲታደስ ቢደረግ፣ የተረፈውም ለሕመምተኛ ማጓጓዣ ቢቀመጥ ድንኳን ከመትከል የሚከብድ ሥራ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች “ሳይታመሙ ለሕመም መክፈል ሟርት ነው፤ ሕመምን መጥራት ነው” ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች ግን በየወሩ ለዕድር ይከፍላሉ። ዕድር ለሞት የሚከፈል አይደለምን? በዕድር በመግባቱ ሞትን ጠራ የተባለ ሰው ማን ነው? ለሞታችን አስቀድመን መዘጋጀታችን ጥበብ ከሆነ፣ ለሕመማችን መዘጋጀታችን እምነት ማጣት ሊሆን አይችልም። ዮሴፍም በግብፅ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሳያልፉ እህል ያከማቸው ረኀብን ለመጥራት አልነበረም።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፣ በካፋ ልቅሶ ቤት ቡናው ከእሳት እንደማይወርድ ሁሉ ፍቅራችንም በአርባው ቀን አይቀዝቅዝ። ድንኳኑ በተነሣ ማግስት ወደ መበለቲቱ ደጅ የሚሄድ ሰው ይኑር፤ የዕዳውን ወረቀት ከርሷ ጋር የሚያነብ፣ ለአበዳሪው የሚለምንላት፣ በለቀማው ጊዜ ቡናዋን ከልጆቿ ጋር የሚለቅም። ለኤልሳዕ መበለት ባዶ ማድጋ ያዋሷት ጎረቤቶች ተአምሩን አላደረጉም፤ ማድጋቸው ባይኖር ግን ዘይቱ የሚቀዳበት ዕቃ አልነበረም። እኛም የምንጠየቀው ይህንኑ ያህል ነው።

ያዘኑትን የሚያጽናና አምላክ የሞቱትን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን፤ የቀሩትን ከዕዳና ከተስፋ መቍረጥ ያድንልን፤ እኛንም ሕመምተኛን ሳይሞት የምንጠይቅ ያድርገን። አሜን።